ቅዳሜ እመጣለሁ

የገብረ ክርስቶስን ገድል የሚሰሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያለቅሱት ሙሽራው በሠርጉ ሌሊት ጫጉላውን ጥሎ ሲወጣ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ አባትየው ነው። ቴዎዶስዮስ የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ነው፤ ልጁ ጠፍቶበት አገር ላገር አስፈልጎ አጥቶታል። ልጁ በሰው አገር የቤተ ክርስቲያን ደጅ እየጠና ኖረ፤ ማንም እንዳያውቀው፣ ማንም እንዳያመሰግነው ብሎ መልኩ በደዌ እንዲለወጥ ጸለየ፤ ተለወጠለት። በስተመጨረሻ እግሩ ወደ ገዛ አባቱ ደጅ መለሰውና እዚያው እንደ አንድ ነዳይ ወደቀ። ንጉሡ ሲወጣም ሲገባም ያየዋል። ርኅሩኅ ስለሆነ ከማዕዱ እንዲሰጠው አዝዞለታል። አሽከሮቹ ግን ተጸየፉት፤ እጣቢ ደፉበት፤ ውሾች ቁስሉን ላሱለት። ሲሞት በእጁ ጨብጦት የነበረው ጽሑፍ ተነበበና የማን ልጅ እንደሆነ ታወቀ።

ነገሩን የሚያከብደው ንጉሡ ክፉ አለመሆኑ ነው። ክፉ ቢሆን ንስሐ ገብቶ ይገላገለው ነበር። ምግብ አዝዟል፤ ሲያልፍ ከንፈሩን መጥጦም ይሆናል። ከበቅሎው ወርዶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ «አገርህ ወዴት ነው?» ግን አላለውም። ቢለው ኖሮ መልኩን ደዌ ቢያጠፋበት እንኳ ድምፁን ይለየው ነበር።

በዚህ ጻድቅ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን በከተማችን ምዕራብ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር አለ። ታክሲ ላይ ስንቀመጥ «ዘነበወርቅ ወራጅ!» የምንለው ስም የልዕልት ስም ነው፤ ገና በወጣትነቷ የተቀጨችው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ። ሚሲዮናውያን በ1920ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያቋቋሙት ሆስፒታል በስሟ ተጠራ። ቦታው ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. እዚያው ግቢ ዛሬ አለርት የምንለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል ተመሠረተ፤ በ1962 ደግሞ በአርማወር ሐንሰን ስም የሚጠራው የምርምር ተቋም ጎኑ ቆመ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከአርሲ፣ ከደቡብ በእግሩም በአህያም የመጣ ሰው ታከመ፤ ብዙው ግን ታክሞ አልተመለሰም። ከአጥሩ ሥር ጎጆ ቀልሶ ቀረ፤ ተጋባ፣ ወለደ፣ ዕድር አቆመ፣ ማኅበር ጠጣ። ከተማው ተስፋፍቶ ደረሰባቸውና ዋጣቸው።

ኮልፌን ለእንግዳ ስናስጎበኝ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ለጥቂት ሳምንታት ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደበትን ካምፕ እናሳያለን። ማሳየታችን ደግ ነው። ዘነበወርቅን ግን የምናሳየው ቢኖር በመስኮት ነው፤ መስኮቱም ቢዘጋ የሚመርጥ አይጠፋም። ኋላ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. እዚያው አቅራቢያ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብር፣ ከሟቾቹም መካከል አስከሬናቸው ወደ ገብረ ክርስቶስ የተወሰደ ሲኖር፣ ካሜራ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሐዘኑ ሲያበቃ ካሜራውም ተሰበሰበ።

የምቆጭበት ነገር የእኔ ብቻ እንዳይመስል ከአገር ልጀምር። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ሐንሰን ኖርዌይ ውስጥ ያገኘው በ1865 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በነገሡ በዓመቱ። ከዚያ ወዲህ «ዘራቸው ውስጥ አለ» የሚባለው ወሬ ውሸት መሆኑ ታውቋል። እርግማንም ውርስም አይደለም። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውም በጭንቅ ነው፤ ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱ ገደማ ተፈጥሮው ራሱ ይከላከለዋል። ጣት የሚበላም በሽታ አይደለም። የሚያጠቃው ነርቭን ነው፤ እጅ ትኩሱንና ስለታሙን መለየት ያቆማል፣ ሰውየው ሳያውቀው ይቃጠላል፣ ይቆረጣል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ይህን በሕንድ አገር በእጅ ቀዶ ሕክምና ያስረዳው ዶክተር ፖል ብራንድ አለርት ሲመሠረት ከነበሩት አንዱ ነው። በ1975 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን ተቀላቅለው የሚሰጡበት ሕክምና ወደ አገራችን ገባ። እንደ ሕመሙ ዓይነት ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ተውጦ ያበቃል፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱን በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ማስተላለፉም ይቆማል።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ሰበብ አልነበረንም። ባክቴሪያው ይሞታል፣ ሰውየው ይድናል። የጎደለው መንደሩ አንድ መልእክተኛ ልኮ «ና፣ መሬትህ አለ፣ ቤትህ አለ» ማለቱ ነበር። አልላክንም። በ1991 ዓ.ም. አገሪቱ ከአሥር ሺህ ሰው ከአንድ በታች ላይ ደርሳ ሥጋ ደዌ የሕዝብ ጤና ችግርነቱ እንዳበቃ ሲነገር፣ የዳኑት ሰዎች በየከተማው ቤተ ክርስቲያን ደጅ እጃቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ለአሥርተ ዓመታት ሙሉ በእጃችን የነበረ ዕድል ነው። ያለ ምንም ክፋት፣ በስንፍና ብቻ አሳለፍነው።

እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ለዓለም የሥጋ ደዌ ቀን ጽፌበታለሁ፤ ተላላፊነቱ ዝቅተኛ መሆኑን በደማቅ ፊደል ያሳተምኩት እኔ ነኝ።

ወደ ገብረ ክርስቶስ ያደረሰኝ ግን ጽሑፍ አይደለም፤ የአክስቴ ስለት ነው። ልጇ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በሰላም ከወጣላት ለጻድቁ ጥላ ልታገባ ተስላለች። ለምን ገብረ ክርስቶስን እንደመረጠች ስጠይቃት «ሰው የማይበዛበት ቅዱስ ቶሎ ይሰማል» አለችኝ፤ ከአክስቴ ጋር ስለ ቅዱሳን አልከራከርም። ከቆሼው አደጋ በኋላ በመጣው ጥቅምት 14፣ በበዓሉ ቀን፣ ጥላውን ተሸክሜ ከኋላዋ ተከተልኩ። ሁለታችንም ደብሩን አናውቀውም። የእኛ ሰፈር በከተማው ሌላ ጫፍ ነው።

በለመድኩት ደብር ሥርዐቱ እንዲህ ነው፦ ሕመምተኛው ከበር ውጭ፣ ጤነኛው ከበር ውስጥ፤ በመካከላቸው ሳንቲም ያልፋል። እዚህ ስገባ ሥርዐቱ ተገላብጦብኝ የምቆምበት ጠፋኝ። ምንጣፉን የሚያስተካክለው፣ ሙዳየ ምጽዋቱን ይዞ የሚዞረው፣ ሕፃናቱን ከታቦቱ መንገድ ገለል የሚያደርገው፣ ጧፍ የሚሸጠው ብዙው እጁ ወይም ፊቱ ላይ የደዌው ምልክት ያለበት ሰው ነው። ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው፤ እኔ ነኝ እንግዳው። በር ላይ ልሰጥ ያዘጋጀሁት ዝርዝር ብር እጄ ውስጥ ላብ አስመጥቶ ቀረ።

አንዲት እናት አክስቴን በነጠላዋ ጫፍ ጎተት አድርገው «ነይ እህቴ፣ እዚህ ጥላ አለ፣ ፀሐዩ ይመታሻል» አሏትና የተቀመጡበትን ኩርሲ ለቀቁላት። ጥላ ይዘን መምጣታችንን ሲያዩ እልል አሉ፤ እልልታው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ተቀባበለ። አንድ ቄስ መጥተው የታማሚውን የክርስትና ስም ጠየቁ፤ ከዚያ በአክስቴ ዙሪያ የነበሩት ሴቶች ስሙን እየደጋገሙ ያዙት፤ ለማያውቁት ልጅ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙለት። ወደ እኔም ዞረው ስሜን ጠየቁኝ። በገዛ ደብሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳስቀድስ ከንስሐ አባቴ በቀር ስሜን የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። እዚያ ግን በዓሉ ሳያበቃ ስሜ ከልጅ እስከ አዋቂ ታውቆ «ያን እንጨት አቀብለን» ተብዬ በስሜ እታዘዝ ጀመር። እንግዳ የሚሆን ሰው ሥራ አይታዘዝም። ይህ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ማኅበርተኞቹ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ዳስ ውስጥ አስገቡን። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። ቡና የሚያፈሉት እናት፣ ጥላ ሥር የወሰዱን እርሳቸው ነበሩ፣ ሲኒውን ከመስጠታቸው በፊት አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ «ንኪው እስቲ፣ ይፋጃል?» ይሏታል። ልጅቱ በጣቷ ጫፍ ነክታ «ደኅና ነው እማማ» ስትል ያኔ ያቀብላሉ። እጃቸው ሙቀት አይለይም፤ እንግዳ እንዳይቃጠልባቸው ነው። ስለ ነርቭ መጎዳት የጻፍኩትን ሁሉ አንድ ሕፃን በአንድ ቃል ስታጥፈው አየሁ።

ከዚያ አንድ ሰው ዳቦ ይዞልኝ መጣ። ጣት ስላልነበረው ቁራሹን በሁለት መዳፉ አጣብቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ጸበል ጻዲቅ ቅመስ ወንድሜ» አለኝ።

«ጨጓራዬን ያመኛል» አልኩት።

የአዲስ አበባ ሰው ሲጨንቀው የሚገባበት ዋሻ ጨጓራ ነው። ሰውየው አልተቀየመም። ቢቀየም እመርጥ ነበር። ደንግጦ «ውይ! እንግዲያው ጠላም አይሆንህም፤ ሻይ አፍሉለት፣ ቅመም አታብዙበት!» ብሎ ጮኸ፤ ሦስት ሰው ለእኔ ሻይ ሊያፈላ ተነሣ። አንዷ ተልባ ይሻለዋል አለች፤ ሌላዋ ስለ አንድ ጸበል ነገረችኝ። ሻዩ መጣ። ብርጭቆውን እስኪቀዘቅዝ ይዤው ቆይቼ ማንም ሳያየኝ ከአግዳሚው ሥር አስቀመጥኩት። አክስቴ ከአጠገቤ ዳቦዋን በላች፣ ጠላዋን ጠጣች። ባለ ቡናዋ እናት እንጀራ በወጥ ጠቅልለው በተጎዳው እጃቸው ሲዘረጉላት አፏን ከፍታ ጎረሰች፤ መልሳም አጎረሰቻቸው። አክስቴ ስለ ባክቴሪያ አንድም ነገር አታውቅም።

ዳሱ ጥግ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። በማኅሌቱ ላይ ድምፃቸውን ሰምቼዋለሁ፤ መሪጌታ ይሏቸዋል። ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ሥራዬን ጠየቁኝ። ጸሐፊ ነኝ አልኳቸው።

«ጸሐፊ!» ብለው ሳቁ። «እኔም ጸሐፊ ነበርኩ።»

ጎጃም ደጋው ላይ ቁም ጽሕፈት የተማሩ፣ ብራና የሚዳምጡ፣ ቀለም የሚበጠብጡ ሰው ነበሩ። ሕመሙን መጀመሪያ ያወቁት በብዕራቸው ነው። መቃው ከእጃቸው እየሾለከ ይወድቅ ጀመር፤ ትንሿ ጣታቸው ወደ ውስጥ ታጠፈች፣ አልዘረጋ አለች። ዕንቅልፍ ተጫጭኗቸው የመሰላቸው ጊዜ ነበር። ቀጥሎ ጀርባቸው ላይ የደበዘዘ ምልክት ወጣ፤ ሰው አየው፤ ካህናቱ በክፉ ሳይሆን በልመና «ለጊዜው ከቅጥሩ ውጭ ሆነህ አስቀድስ» አሏቸው። ያ ጊዜያቸው ሳያበቃ እርሳቸው ከአገር ወጡ።

ይህን የነገሩኝ እንደ መግቢያ ነው። «ዋናው ሌላ ነው» አሉኝ። «እዚህ ሰፈር መጀመሪያ ማን ጎጆ እንደቀለሰ፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀበረ በቃሌ ይዤዋለሁ። እዚህ ሲመጡ ስማቸውን የለወጡ አሉ፤ ዘመድ እንዳያፍር ብለው። እኔ እንዳልጽፈው እጄን አየኸው። ልጆቹ ደግሞ አሁን ከዚህ መውጣት ነው የሚፈልጉት፤ አልፈርድባቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚህ አልጠፋም። ወረቀትህን ይዘህ ና።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳቸው።

ስልኬን ሲኒ የምትነካው ልጅ በመሪጌታ ስልክ ላይ መዘገበችው። ታክሲ ውስጥ አክስቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ «ጨጓራህን መቼ ነው የሚያምህ?» አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም።

በዚያች ቅዳሜ ሠርግ ነበረብኝ። በተከታዩዋ ሥራ በዛ። ከዚያ ጾም ገባ፤ ከዚያ በዓል መጣ። እንዲህ ዓይነት ቀጠሮ አይሰረዝም፤ ይተላለፋል፤ ስለማይሰረዝም ሰውየው ውሸታም ነኝ ብሎ አያስብም። እውነቱን ለመናገር ሥራው አልነበረም ያገደኝ። ከሄድኩ ዳቦ ይቀርባል። ጨጓራ ደግሞ ሁለተኛ አያዋጣም፤ ወይ እበላለሁ ወይ እንደማልበላ ይታወቃል። ያቺን ሁለት መዳፍ ፈራኋት። ሰዎቹ ግን ምን እንደተሰማኝ ጠፍቷቸው አልነበረም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሰበብ ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። ጨጓራውን አምነውኝ ሳይሆን እንዳላፍር ብለው ተቀብለውልኝ እንደሆነ አሁን አሁን እጠረጥራለሁ። ይህን ሳስብ ሌሊት እነቃለሁ።

አክስቴ በየወሩ በ14 መሄዱን ያዘች፤ ማኅበርተኛም ሆነች። ስትመለስ መልእክት ታመጣለች። «መሪጌታ ያ ጸሐፊ ልጅ ደኅና ነው ወይ ብለው ጠየቁህ።» አንድ ጊዜ ደግሞ «ጨጓራውስ ተሻለው ወይ አሉ፤ በጸሎት ያስቡሃል።» ሳቅ አለች ስትነግረኝ። እኔ አልሳቅሁም። ለሌለኝ ሕመም የሚጸልይልኝ ሰው አለኝ፤ ያለብኝን ሕመም ግን አልነገርኩትም።

በርገን የምትባለው የኖርዌይ ከተማ፣ ሐንሰን የሠራባት፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማኗን መዝገቦች ጠብቃ አቆይታለች። ማን ገባ፣ ከየትኛው መንደር፣ መቼ ሞተ፤ ሁሉም አለ። ዩኔስኮ በ2001 እ.ኤ.አ. «የዓለም ትውስታ» ብሎ ከሚጠብቃቸው ሰነዶች ጋር አሰፈራቸው። ያንን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ቅናት ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን እዚህም መዝገብ እንደነበረ ነው፤ ብብቱ ሥር መቋሚያ ይዞ ዳስ ጥግ የተቀመጠ መዝገብ፣ ያውም ራሱ ተነሥቶ «ና ገልብጠኝ» ያለ። የሆስፒታል ካርድ ቁስሉን ይነግረን ይሆናል። እናት ያወጣችው ስም ካርድ ላይ አይገኝም። ቦሩ ሜዳ፣ ቢሲዲሞ፣ ጋምቦ፣ ሐረር፤ ሕሙማን ተሰብስበው በኖሩባቸው በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ይኖር እንደነበር አልጠራጠርም። ጎህ ሳይቀድ በየደጃችን የሚያዜሙትን ላሊበሎች እንኳ፣ ዜማውን ከተዉት ደዌው ይይዛቸዋል እየተባለ ከትውልድ ትውልድ ሲያዜሙ የኖሩትን፣ ሙዚቃ ያጠኑ ሰዎች መጥተው ድምፃቸውን ቀድተዋል። የሕሙማኑን የራሳቸውን ድምፅ ለመቅዳት የተጠራሁት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ምእመናን በየቤታችሁ ጸልዩ ተባሉ። አገሩ ሁሉ የሰው እጅ ፈራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም ከቅጥር ውጭ ቆመን በሬዲዮ አስቀደስን፤ አክስቴም ወደ ዘነበወርቅ መሄዷን አቆመች። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተጠርቶ ሳላነሣው ቀረሁ፤ ደግሞ ተጠራ፤ መልሼ አልደወልኩም። የማላውቀውን ቁጥር የማላነሣ ሰው ነኝ።

ዓመቱ ዞሮ ነገሩ ላላ ሲል አክስቴ «ዛሬ ትመጣለህ፣ ከእንግዲህ አልለምንህም» አለችኝ። ሄድኩ። ባለ ቡናዋ እናት አወቁኝ፤ በስሜ ጠሩኝ። ሲኒ የምትነካው ልጅ ትልቅ ሆናለች። ዳቦ ቀረበልኝ፣ በላሁ፤ ጣዕሙ የማንኛውም ድፎ ዳቦ ጣዕም ነው፣ ኮባው ይሸታል፤ የፈራሁት ይህንን ነበር። መሪጌታን ጠየቅሁ።

«አረፉ እኮ ልጄ። በዚያ በክፉው ጊዜ። ቀባሪ እንኳ አልተፈቀደልንም፣ ጥቂት ሆነን ነው ያወጣናቸው።» ሲኒውን ለልጅቱ ዘረጉላት፣ ነካችው፣ ለእኔ አለፈ። «ሲደክማቸው ያንን ጸሐፊ ጥሩልኝ አሉ። ይቺ ናት የደወለችልህ። አታነሣም አለችን። ቁጥሩን ለውጦ ይሆናል አልናቸው።»

ምን እንዳሉ ጠየቅሁ።

«ምን ይላሉ? ሥራ በዝቶበት ነው አሉ።»

ከዳሱ ወጥተን መሪጌታ ያረፉበትን ቦታ አሳዩኝ። መስቀል አለው፣ ስም ተጽፎበታል፤ ማኅበሩ ነው ያጻፈው። ወደ ግንቡ ጥግ ሲያልፉ ግን ድንጋይ ብቻ የተከመረባቸው መቃብሮች አሉ፤ ከፊሉ ሣር ውጦታል። የማን እንደሆኑ ጠየቅኋቸው።

«የጥንቶቹ ናቸው። ይሄኛው የባሌ ነው። ይህች አብራኝ ከወሎ የመጣችው ናት፣ እዚህ ብርቄ እንላት ነበር፤ የአገሯ ስሟ ሌላ ነው።» እጃቸውን በግንቡ ርዝመት ወሰዱት። «የነዚህን የሚያውቁት መሪጌታ ነበሩ።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«ማን ቆጥሯቸው!»